ድምፅ ቆጣሪው ፓድሪክ

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሃያ ሦስት ነው፤ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። መጋቢት ውስጥ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጄኔቭ፣ ሰርቬት ሰፈር ወዳለው አሮጌ ሕንፃ ሄድኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ኮንሲየርዥ ሆኜ የጠበቅኩት፣ ደረጃውን የወለወልኩት ሕንፃ ነው። ከፖስታ ሣጥኖቹ መሃል የፓድሪክን ፈለግሁ። ስሙ የለም። ወረቀቱ ተልጦ ሙጫው ብቻ ቀርቷል።

በኔ ቦታ የገባችው ፖርቱጋላዊት ባልዲዋን ይዛ ወጣች። ስታየኝ ባልዲውን መሬት አስቀመጠች። ፓድሪክ ከሞተ ሦስት ሳምንት እንደሆነው የነገረችኝ እሷ ናት። ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሄዶ ሳለ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኝቶ አረፈ። የሚጠሩለት ሰው ቢፈልጉ አላገኙም። ኪሱ ውስጥ የቤቱ አድራሻ እንጂ የሰው ስልክ አልነበረም። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ የጋራ መቃብር ገባ። አንድ ቄስ ቆሞ ነበር ይባላል፤ ሌላ ማንም አልነበረም።

«እርስዎ አለመስማትዎ ገረመኝ» አለችኝ። «ወዳጆች አልነበራችሁም እንዴ?»

መልሱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

ፓድሪክ አየርላንዳዊ ነው። ከኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣል። ረጅም፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ የማይጠፋ ሰው ነበር። በጎልማሳነቱ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ከነበረው ትልቅ ፋብሪካ ቶርኖ ላይ ሠርቷል። ፋብሪካው ሲዘጋ ጄኔቭ መጣ። የምንነጋገረው በፈረንሳይኛ ነው፤ የሱም ሰባራ፣ የኔም ሰባራ። ሁለት አንካሶች ተደጋግፈው እንደሚሄዱት ነበርን። የሱን ቃል የምጽፈው እንግዲህ በኛው አማርኛ ነው።

የተዋወቅነው በወረቀት ነው። እዚህ አገር አሮጌ ጋዜጣ ታስሮ በተመደበለት ቀን ደጅ ይወጣል። የሱ እሽግ ሁልጊዜ የተበሳሳ ነበር። ገጹን ሁሉ ትቶ ቁጥር ያለበትን ቦታ ብቻ በመቀስ ቆርጦ ያወጣዋል። እኔ የሎተሪ በሽተኛ መሰለኝ። አንድ ቀን ደረጃ ላይ አገኘሁትና፣ እንደ ሎተሪህ ከሆነ መቼም አንድ ቀን ሀብታም ትሆናለህ፣ ያኔ እኔን አትርሳ አልኩት። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ክንዴን ይዞ አራተኛ ፎቅ አወጣኝ።

ቤቱ ውስጥ አልጋ፣ ጠረጴዛና ደብተር ብቻ ነው ያለው። ግድግዳው ሙሉ ደብተር። አገራቸው ነፃ ከወጣች ጀምሮ የተወለደበት የምርጫ ወረዳ ያደረገውን ምርጫ ሁሉ፣ ማን ተወዳደረ፣ የትኛው መንደር ለማን ስንት ሰጠ፣ ማን በስንተኛው ዙር ወደቀ፣ ሁሉንም በእርሳስ ጽፎታል። ሌላ የአየርላንድ ወረዳ አያገባውም። ያንኑ አንዱን ብቻ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቁጥር ግን ከፊደል ይልቅ ይቀለኛል፤ ስለዚህ ደብተሩ ገባኝ። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሥራ በኋላ እየወጣሁ እሱ ጣቱን ገጹ ላይ እያስኬደ ያወራልኛል። ጡረታ ከወጣሁና ኦ ቪቭ ወደሚባለው ሰፈር ከተዛወርኩ በኋላም ሐሙሱ አልቀረም፤ ጠዋት ሆነ እንጂ። ቦታውም ከጣቢያው ጀርባ ያለች ትንሽ ሻይ ቤት ሆነች።

ወረዳው በአየርላንድ ምዕራብ ነው። ተራራና ረግረግ፣ ከሰው በግ የሚበዛበት። መጀመሪያ ለፓርላማው ሦስት ሰው ይልክ ነበር። ከጎረቤት ጋር ተዳብሎ አምስት ሆነ። ተመልሶ ተቆረጠና አራት። ደብሊን ተቀምጠው በማስመሪያ ያሰመሩት መስመር አንድ ጊዜ ያንዱን ደብር መሬት ለሁለት ከፈለው፤ ቤተ ክርስቲያኑ እዚህ ወረዳ፣ መቃብሩ እዚያ ወረዳ ቀረ።

«የሞቱት ሳይጠየቁ ወረዳ ቀየሩ» ይል ነበር። «በኛ መንደር ደግሞ ከሕያዋን ይልቅ ሙታን ናቸው የሚመርጡት፤ ሰው አያቱ የመረጠውን ነው የሚመርጥ።»

አባት ወንበሩን ይይዛል፤ አባት ሲሞት ልጁ ይቀመጥበታል፤ ልጅ ሲሞት ሚስቱ። ይኼማ ርስት ነው አልኩት። ርስት የሚለውን ነገር ሳስረዳው ሳቀና ደብተሩ ጫፍ ላይ በራሱ ፊደል ጻፈው።

አመራረጣቸው ከሌላው ይለያል። ወረቀቱ ላይ የተወዳዳሪዎቹ ስም ይደረደራል፤ ሰው አንዱን ብቻ አይመርጥም፣ በየስማቸው ፊት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ደረጃ ይሰጣል። አንደኛ ያልከው ሰው ከወደቀ ድምፅህ አብሮት አይወድቅም፤ ሁለተኛ ወዳልከው ይሻገራል። እሱም ከወደቀ ወደ ሦስተኛው። ቆጠራው ቀናት ይፈጃል። አዳራሹ በአጥር ተከልሎ ከአጥሩ ወዲህ ድምፅ ቆጣሪዎች ተደግፈው ይቆማሉ። የመንግሥት ሰዎች አይደሉም፤ የየመንደሩ ሰዎች ናቸው። ከያንዳንዱ ሣጥን ወረቀት ሲዘረገፍና ሲገለበጥ ከሩቅ፣ አንዳንዱን ተገልብጦ፣ እያነበቡ ይጭራሉ። አራት ጭረት ያወርዱና በአምስተኛው ይሰርዙታል። ከሰዓት ሳይሆን ማን እንዳለፈ፣ የትኛው መንደር ማንን እንደከዳ ያውቃሉ።

ፓድሪክ በልጅነቱ ያንን አጥር ተደግፎ ነው ያደገ። ልማዱ አለቀቀውም። ትራም ውስጥ ተቀምጦ ቆብ ያደረገና ያላደረገ ይቆጥራል፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጉልበቱ ላይ አራት አውርዶ በአምስተኛው ይሰርዛል። ደጋግሞ የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ተሰማ፣ ሁለተኛህን ጻፍ። አንደኛውን ማንም ሞኝ ይጽፋል። ሁለተኛህን ጻፍ።» የስዊስ ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ የምርጫ ፖስታ በዓመት አራት ጊዜ ይመጣልኛል፤ የሚያስሞላኝ እሱ ነው። የገረመኝ ግን ራሱ አይመርጥም። የአገሩ ሕግ ውጭ ለሚኖር አይፈቅድም። ጄኔቭ ለውጭ ሰው የሰፈር ምርጫ ስትፈቅድለት ደግሞ ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ይከተዋል።

በሕይወትህ ስንት ጊዜ መርጠሃል ብዬ ጠየቅኩት አንድ ሐሙስ።

«አንድ ጊዜ» አለኝ፤ ወዲያውም ስለ ሌላ ነገር አወራ።

አባቱ ሦስት ጊዜ ለፓርላማ ተወዳድሮ ሦስቴም የወደቀ ሰው እንደነበር አውቅ ነበር። ገበሬ ነበር፤ ከቀብር የማይቀር ሰው። በነሱ ወረዳ ሰው የሚታወቀው በቀብር ነው። ዝናብ ሆነ ውርጭ፣ የጠላቱም እናት ብትሞት ይሄዳል። ከቀብር የቀረ ሰው ድምፅ አያገኝም። ስለኛ እድር ስነግረው ለዚህ ነው እንደ ሕፃን አፉን ከፍቶ የሰማኝ።

በጄኔቭና በዙሪክ ያለን አበሾች አንድ እድር አለን። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም አንድ ላይ ነን፤ ሞት ሃይማኖት አይለይም ብለን። አንድ ዓመት እዚህ፣ አንድ ዓመት እዚያ እንሰበሰባለን። አባል የሆነ ሁሉ ቦርሳው ውስጥ የሚይዛት ትንሽ ካርድ አለችው፤ ይህ ሰው አንድ ነገር ቢሆን በዚህ ስልክ ጥሩ የምትል፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ። ሆስፒታል ከደወለ ሰው ይሄዳል። ከሞተ ሳይቀበር ሰው ይቆማል። በቃ፣ ሥራችን ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ የሰብሳቢ ምርጫ ላይ ተጣላን። ጄኔቮች የኛ ሰው፣ ዙሪኮች የኛ ሰው። እኔ እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ ብዬ የፓድሪክን አመራረጥ እንሞክር አልኩ። እሱ ራሱ በባቡር መጣ፤ ለየጠረጴዛው እርሳስ በሲባጎ አስሮ አዘጋጀ። በአገራቸው እንዲያ ነውና። አራት ተወዳዳሪ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት በሉ አልን። ሰው ጻፈ። ሣጥኑ ሲከፈት ግን ከሃያ ሰባት ወረቀት ሃያ አንዱ ላይ ለአራቱም አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ ተብሎ ተጽፏል።

ፓድሪክ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ አልገባቸው ይሆን አለኝ። አቶ መኰንንን ጠየቅኩለት። መኰንን የጄኔቭ ሰው ነው፤ ቀድሞ የሕግ ጸሐፊ ነበር፣ ደንብ ይወዳል።

«እንዴት አድርጌ ነው ወይዘሮ ጥሩወርቅን ሦስተኛ የምላት?» አለ መኰንን። «ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ወረቀቱ እኮ ምስጢር ነው፣ ማንም አያውቅም በለው አለኝ ፓድሪክ።

«እኔ አውቃለሁ» አለ መኰንን።

ይህንን ስተረጉምለት ፓድሪክ ሳቀ። እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ አዳራሹም አብሮት ሳቀ። ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። ሲቆይብኝ ተከትዬው ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ መነጽሩን በእጁ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ሳቁ አላለቀ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቆጣሪያችን እሱ ሆነ። ሽሮ መብላት ለመደ። ሴቶቹ ጋሽ ፓድሪክ ይሉታል። ኦርሊኮን የምትኖረው፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራው ጥሩወርቅ ሰብሳቢ የሆነችው እሱ በቆጠረው ምርጫ ነው። እጅ ማውጣት ቀርቶ በወረቀት ሆነ ሁሉ ነገር።

ባለፈው መኸር አንድ ሐሙስ ሻይ ቤት ውስጥ ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ቤት ውስጥ እንኳን ቆብ የማያወልቅ ሰው ነው።

«ተሰማ፣ እድራችሁ እኔን ይቀበላል?» አለኝ።

ምን ነካህ፣ ሰው የለህም ወይ አልኩት። ወንድሙ እንደሞተ፣ የወንድሙ ልጆች በስም እንጂ በመልክ እንደማያውቁት ነገረኝ። ብቻዬን መኖር አልከበደኝም አለ። ብቻዬን ከምቀበር ግን ሰው ይቁምልኝ። ካርዷን አሳየኝ አለኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ያዛት። ይህችን አለ። ይህችን ብቻ ነው የምፈልገው።

በኅዳር ኦርሊኮን፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ባለው አዳራሽ ተሰበሰብን። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ተናጋሪ አይደለሁም፤ ይህ ሰው ለኛ ቆጥሮልናል፣ እኛ እንቁጠረው፣ ሌላ የምለው የለኝም አልኩና ተቀመጥኩ። መኰንን ተነሣ። ደንቡ አባል ኢትዮጵያዊ ወይም የትዳር ጓደኛው ነው ይላል አለ። ዛሬ የተሰማን ወዳጅ ካስገባን ነገ የኔን ጣሊያናዊ ጎረቤት ማን ይከለክለዋል አለ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጨመረ፤

«ጋሽ ተሰማም ለወዳጁ ነውና ቢፈርድ አንፈርድበትም።»

ነገሩ ቀልድ ነበር። እኔን ግን ነከሰኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለዘመድ አዳላ የተባልኩ ሰው አይደለሁም። በሻይ ዕረፍት ያገኘሁት ሁሉ፣ ግድ የለም ጋሼ ያልፋል፣ እኛ እንሰጠዋለን አለኝ። አሥራ ሰባት ሰው ቆጠርኩ፤ እሰጣለሁ ያለኝ። ከሃያ ዘጠኝ አሥራ ሰባት። ታዲያ የኔ አንዷ ምን ታደርግለታለች አልኩ በልቤ። አዳልቶ ነው ከምባል ሕዝቡ ራሱ ያስገባው፤ ክብሩም ለፓድሪክ ነው አልኩ። ሰው ፊት ለፊት እሺ ብሎ ወረቀት ላይ እምቢ እንደሚል ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። እልኸኛ ነኝ፤ አንዴ ካሰብኩ አልመለስም።

እሺ ለሚል የራይት ምልክት፣ እምቢ ለሚል ኤክስ ነበር ስምምነቱ። እኔ ምንም አልጻፍኩም። ባዶውን ወረቀት በአራት አጥፌ፣ እንደ ልማዴ በጥፍሬ ዳምጬ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩ።

ፓድሪክ በራሱ ጉዳይ መቁጠር አልፈለገም። ከኋላ ካፖርቶቹ ከተሰቀሉበት ሥር ተቀመጠ። ጥሩወርቅ እየከፈተች አነበበች። የሱ አውራ ጣት ጉልበቱ ላይ ሲሄድ አየዋለሁ። አሥራ አራት እሺ። አሥራ አራት እምቢ። የመጨረሻዋን ወረቀት አንሥታ ዘረጋቻት፤ አራት እጥፋቷ ከሩቅ ይታያል። ገልብጣ አየቻት።

«ባዶ ናት» አለች።

ከግማሽ በላይ ስላልሆነ አላለፈም። የፓድሪክ ጣት ቆመ። ቀና ብሎ ወረቀቷን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። አልቆየም። ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰና ለጥሩወርቅ፣ ቆጠራው ንጹሕ ነው፣ አንድም ስሕተት የለበትም አላት። እጇን ጨበጠ። የመኰንንንም ጨበጠ።

በባቡር አብረን ተመለስን። ከዙሪክ ጄኔቭ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። በርን ከተማን ካለፍን በኋላ እሱ ጀመረ። እንዲህ ነው ያለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አባቱ ለሦስተኛ ጊዜ ተወዳድሯል፤ በዚያን ጊዜ ግን ማሸነፉ የታወቀ ነው፣ አገር ሁሉ ለሱ ነው የሚል። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ምስኪን ራዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ለተራራው መንደር መብራት ይግባ ብሎ ብቻውን የቆመ፣ ልጆች ሳይቀሩ የሚስቁበት። ፓድሪክ እርሳሱን ይዞ ቆመና ያ ሰውዬ ከተራራው ሣጥን አንድ ድምፅ እንኳን ሳያገኝ ሊያፍር ነው ብሎ አሰበ። ለአባቴ የኔ አንዷ ምን ታደርግለታለች ብሎ አሰበ። ለራዲዮ ጠጋኙ አንድ ብሎ ጻፈ።

«ሁለተኛስ?» አልኩት።

«አባቴን ሁለተኛ ብዬ እንዴት ልጻፍ?» አለኝ። «እጄ እምቢ አለ። ባዶውን ተውኩት።»

ራዲዮ ጠጋኙ በመጀመሪያው ዙር ወደቀ። ሁለተኛ የተጻፈባቸው ወረቀቶቹ ወደሌሎች ተሻገሩ። የፓድሪክ የሚሻገርበት አልነበረውም፤ እዚያው ሞተ። በሁለተኛው ቀን ለመጨረሻው ወንበር አባቱ በአንድ ድምፅ ተበለጠ። ደግመው ቆጠሩ፤ ያው አንድ ድምፅ። የተራራው ሣጥን ሲከፈት አባቱ ራሱ አጥሩን ተደግፎ ነበር። ያችን ብቸኛ ወረቀት አይቷታል። ፓድሪክ አንድ ቁጥርን ሲጽፍ አናቷ ላይ ቆብ፣ ከሥሯ መቀመጫ ያደርግላታል፤ ከቤታቸው ሌላ ማንም እንዲያ አይጽፍም። ማታ ቤት ገቡ። አባቱ ቦት ጫማውን አወለቀና፣ ላሚቱ ታልባለች ወይ ብሎ ጠየቀው። ሌላ ምንም አላለውም። እስከ ዕለተ ሞቱ ምንም።

«በዓመቱ አገሬን ለቅቄ ወጣሁ» አለ ፓድሪክ። «ሲሞት ወረዳው በሙሉ ቀብሩ ላይ ቆሟል። የመረጡትም ያልመረጡትም። እኔ አልሄድኩም። ወረቀቱ አይደለም ተሰማ። የወረቀቱን አባቴ በዚያች ማታ ትቶታል። እኔ ነኝ የሸሸሁት።»

መስኮቱ ላይ ሐይቁ መጣ። ያቺ ወረቀት የኔ ናት ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ኮርናቫን ጣቢያ ስንወርድ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«ሐሙስ» አለኝ።

ሐሙስ አልሄድኩም። እንዲያ የሆነ ሰው ፊት ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ከበደኝ። በዚያው ቀን ደወለ፤ ስልኩን እያየሁት ጮኾ ዝም አለ። የሚቀጥለውም ሐሙስ ደወለ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ሐሙስ ሐሙስ ይደውላል፣ አላነሣም፤ እኔ ያፈርኩት በራሴ ነው እንጂ እሱ ምን አድርጎኝ። ነገ እሄዳለሁ እላለሁ፤ ነገ ሲመጣ ደግሞ ይህን ያህል ቆይቼ በምን ፊቴ እላለሁ። የየካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ሐሙስ ሳይደውል ቀረ። ተቆጣ አልኩ። ደስም አለኝ መሰለኝ፤ ከተቆጣኝ ይቅር በለኝ ለማለት ይቀላል ብዬ። ሌላ ሐሙስ ጠበቅኩ። ከዚያ ነው ያን ማክሰኞ ሰርቬት የሄድኩት።

ኮንሲየርዧን ደብተሮቹስ አልኳት። ቤቱን ባዶ ሲያደርጉ በወረቀት መሰብሰቢያ ቀን ወጡ አለችኝ። ታስረው ደጅ ተደርድረው እንደነበር በእጇ ቁመታቸውን አሳየችኝ፤ እስከ ወገቧ።

ወጥቼ ትራም ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ትራሙ ቢመጣም ቢሄድም አልተነሣሁም። ለጥሩወርቅ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበረች፤ ከኋላዋ የሰሐን ድምፅ ይሰማል።

ልቅሶ አለብኝ፣ ለእድሩ አስታውቂ አልኳት። በደንባችን የአባል ወንድም ወይም እኅት የትም አገር ቢሞት እድሩ መጥቶ ሦስት ቀን ይቀመጣል።

«ነፍስ ይማር ጋሽ ተሰማ። ማን ነው?»

«ወንድሜ።»

«ወንድም እንዳለዎት አላውቅም ነበር። አገር ቤት ነው?»

«እዚያው አንቺ አጠገብ ነው የሞተ። ኦርሊኮን።»

የሰሐኑ ድምፅ ራቀ። በር ዘግታ ወጣች መሰለኝ። ስሙን ይንገሩኝ፣ እጽፋለሁ አለች። ነገርኳት። እንዳታቋርጠኝም ቶሎ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መቃብሩን፣ ሦስቱን ሳምንት፣ ያልተነሣውን ስልክ። ያቺ ባዶ ወረቀት የኔ እንደነበረችም ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «በአራት አጥፎ በጥፍሩ የሚዳምጥ ሌላ ማን አለን?»

«እሱም አውቋል።»

«አይቷል። እኔም ሲያይዎት አይቻለሁ።» ከዚያ ጨመረች፤ «አቶ መኰንን ይቃወማሉ። ወንድም አይደለም ይላሉ።»

ይቃወም አልኳት። ቤቴ ገብቶ፣ ፊቴ ቆሞ ይቃወመኝ። ወረቀት ግን አላድልም። ድምፅ አልጠይቅም። የመጣ ይምጣ፣ የቀረ ይቅር፤ በሩ ክፍት ነው።

«እኔ የመጀመሪያውን ባቡር እይዛለሁ» አለች ጥሩወርቅ። «ለሌላው ሰው አልምልልዎትም፤ እደውላለሁ ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት ሳይነጋ ተነሣሁ። አልጋዬን ገፍቼ ከግድግዳ አስጠጋሁ። ያሉኝን አራት ወንበሮች ደረደርኩ፤ ከሥር ቤት ያለውን ሽማግሌ ለምኜ ሦስት ጨመርኩ። ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አነጠፍኩ። ከዚያ ወርጄ የሕንፃውን ዋና በር፣ ራሱን እየቆለፈ ሰው እንዳያስቀር፣ አሮጌ ጫማዬን ከሥሩ ወትፌ ከፍቼ ተውኩት፤ በኮንሲየርዥነቴ ስንቱን የተቆጣሁበትን ነገር። ወደ ላይ ወጥቼ የቤቴንም በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ጋቢዬን አዘቅዝቄ ለበስኩና ደረጃው የሚታይበት ቦታ መሬት ተቀመጥኩ። በልማዳችን ለቀስተኛ ሲገባ ነው የሚለቀሰው። እኔ ግን ገና ማንም ሳይመጣ ጀመርኩ።